እኔ ያስዋሸኋት ልጅ

የእህቴ ልጅ ለአሜሪካ መንግሥት በጽሑፍ ዋሸች፤ ያስዋሸኋት እኔ ነኝ። ነገሩ በአጭሩ ይኸው ነው። እውነት ነው፤ ግን ሙሉ አይደለም። ሙሉ የሚሆነው ለምን እንዳስዋሸኋት ስናገር ነው፤ እሱን ደግሞ ለሰው ይቅርና ለራሴም በቅጡ የነገርኩት ዘግይቼ ነው። ለብዙ ጊዜ «ለሷ ብዬ ነው» እል ነበር። ይህ ምክንያት ያን ያህል የቆየልኝ ከፊሉ እውነት ስለነበረ ነው። ፈጽሞ ሐሰት ቢሆን ኖሮ ቶሎ እነቃበት ነበር፤ እኔን ያታለለኝ ግማሽ እውነቱ ነው።

ለእርስዎ ለአንባቢዬ የምናገረው በንስሐ አባቱ ፊት እንደቆመ ሰው ነው፤ ልዩነቱ «ይፍቱኝ» አለማለቴ ብቻ ነው። መፍታት የሚገባት እሷ ናት፤ እሷንም አልጠየቅኳትም። ያልጠየቅኳት ኮርቼ አይደለም፤ ብጠይቃት እንቢ እንደማትለኝ ስለማውቅ ነው። እንቢ ማለት የማይችልን ሰው ይቅርታ መለመን መልሶ እሱን መጫን ይመስለኛል። እኔ ደግሞ እስከ ዛሬ የጫንኩባት ይበቃል።

ሥራዬ ታክስ መሥራት ነው። የምኖረው የሀገሬ ሰው በብዛት ባለበት በሰሜን ቨርጂኒያ ነው። ከጃንዋሪ እስከ ኤፕሪል ሰው የደመወዝ ወረቀቱን በፖስታ ይዞ ይመጣል፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ የግሪን ካርድ እድሳቱን፣ የልጁን የኮሌጅ ርዳታ ማመልከቻ፣ የአፓርታማ ውሉን ያመጣል። ጠበቃ አይደለሁም፤ ነኝ ብዬም አላውቅም። ግን በማኅበር ላይ ወይም በለቅሶ ቤት «እሱ ያውቃል» ሲባል ሰምቼ አላስተባበልኩም። መጠየቅ ደስ ይለኝ ነበር። ሀገሩ ላይ ከነበረበት ዝቅ ብሎ እዚህ ኑሮን ለጀመረ ሰው፣ የሚጠየቅ ሰው መሆን ትልቅ ነገር ነው። ይህን የምለው እንዲታዘንልኝ አይደለም፤ ጥፋቴ ከዚያ እንደ ጀመረ ስለማምን ነው።

የእህቴ ልጅ ከእናቷ ጋር በዲቪ ስትመጣ ገና ተማሪ ነበረች። አባቷ በልጅነቷ ሞቷል፤ እኔም ልጅ አልወለድኩም። የትምህርት ቤት ስብሰባዋ ላይ የምቀመጠው እኔ፣ መኪና መንዳት ያስተማርኳት እኔ ነበርኩ። ጋሼ ትለኛለች። ኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ተምራ ተመረቀች፤ በ2015 የአሜሪካ ዜግነት ወሰደች። (ከአዋጆች ቁጥር በቀር ዓመቱን የምጠቅሰው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።) በ2018 ለመከላከያ ሚኒስቴር በኮንትራት የሚሠራ አንድ ኩባንያ ቀጠራት፤ ክሊራንስ እስክታገኝ ድረስ ምስጢር የማይነካ ሥራ እየሠራች እንድትቆይ ተስማሙ።

ክሊራንስ አንድ ሰው የመንግሥትን ምስጢር እንዲያይ የሚሰጠው ፈቃድ ነው። ዋሽንግተን ዙሪያ ደህና ደመወዝ ካላቸው ሥራዎች ብዙዎቹ ያለሱ አይገኙም። እኛ ዘንድ ግን ነገሩ ከደመወዝም በላይ ነበር። ዕድሜያችንን በፓርኪንግና በታክሲ ለፈጀን ሰዎች፣ ልጃችን ክሊራንስ አገኘች ማለት ይህ አገር አመናት ማለት ነው። በቤተሰቡ የመጀመሪያዋ የታመነች ልጅ ልትሆን ነበር።

ኤስ ኤፍ 86 የሚባለውን ፎርም ይዛ እኔ ዘንድ መጣች። ከመቶ ገጽ በላይ ነው። የኖሩበትን አድራሻ፣ የሠሩበትን ቦታ፣ ወላጅን፣ ወንድምና እህትን፣ ውጭ አገር ያለ ወዳጅን፣ ጉዞን፣ ዕዳን ሁሉ ይጠይቃል። ለውጭ አገር ዜጋ የገንዘብ ድጋፍ አድርገህ ታውቃለህ ወይ ብሎም ይጠይቃል፤ ለአያቷ በየወሩ ገንዘብ የምትልክ ልጅ ይህን ሳትደብቅ መለሰች። ወደ አሥረኛው ክፍል ስንመጣ ጥያቄው ስለ ዜግነትና ስለ ፓስፖርት ነበር፤ ከአሜሪካ ሌላ አገር ፓስፖርት ተሰጥቶሽ ያውቃል ወይ የሚል።

«ጋሼ፣ የሀገር ቤቱን ልጻፈው አይደል?» አለችኝ። ጥያቄም አልነበረም፤ ልትጽፈው ጀምራ ነበር።

«ተይው» አልኳት።

«ለምን?»

«ጣጣ ያመጣብሻል። ጊዜው ሊያልፍ ምን ቀረው? ያላዩትን አታሳዪያቸው።»

ትንሽ ዝም አለች። «ቤቱስ?» አለች ቀጥላ።

«ቤቱ የኔ ነው። ስምሽ ለወጉ ነው የገባው።»

በሁለቱም ጥያቄ ላይ «የለም» ብላ መለሰች። የፎርሙ መጨረሻ ላይ የሚፈረምበት ገጽ አለ፤ አውቆ ሐሰት የጻፈ ሰው በገንዘብ ወይም እስከ 5 ዓመት በሚደርስ እስራት ሊቀጣ እንደሚችል ይናገራል። አንብባዋለች፤ እኔም አጠገቧ ሆኜ አንብቤዋለሁ። ከዚያ ፈረመች።

አሁን ስለ ቤቱ ልናገር። ዜግነት ልትወስድ ስትል «መጀመሪያ የኢትዮጵያውን ፓስፖርት አሳድሺ፤ ለሀገር ቤት መግቢያ ይሆንሻል» ያልኳት እኔ ነኝ። አሳደሰች። እኔም የራሴን እንዲሁ አድርጌ ነበር። በ2016 አብረን ሄድን፤ ከዚህ በአሜሪካ ፓስፖርት ወጣን፣ ቦሌ ላይ በኢትዮጵያው ገባን። ቢሾፍቱ ላይ አንዲት ቤት ገዛሁ፤ ግማሹንም በሷ ስም አደረግኩት። ወራሼ እሷ ናት ብዬ ነው። እንዲህም ስል ከፊሉን ብቻ መናገሬ ነው፤ ሀገር ቤት ቤት ያላት ልጅ ሀገሯን አትረሳም፣ እኔንም አትረሳም ብዬም አስቤ ነበር። ውል ልንፈራረም ስንቀርብ ጸሐፊዋ ቀና ሳትል «ዜግነት?» አለች። ጥያቄው ለእህቴ ልጅ ነበር። ቀድሜ «ኢትዮጵያዊት» ብዬ የመለስኩት እኔ ነኝ። ልጅቱ ወደኔ ዞር አለች፤ ፓስፖርቷን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረች፤ የአሜሪካው ቦርሳዋ ውስጥ ቀረ።

ሕጉን አላውቅም ነበር ልል አልችልም። በዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 መሠረት በፈቃዱ የሌላ አገር ዜግነት የወሰደ ኢትዮጵያዊ ኢትዮጵያዊነቱን እንደተወ ይቆጠራል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 390 የውጭ ዜጋ የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤት እንዳይሆን ያኔ ተከልክሎ ነበር፤ ለትውልደ ኢትዮጵያውያን ግን አዋጅ ቁጥር 270/1994 በር ከፍቷል። በዚሁ አዋጅ የሚሰጠውን መታወቂያ፣ ቢጫ ካርድ የሚባለውን፣ አውጥቼ ያንኑ ቤት በሕግ መግዛት እችል ነበር። አላወጣሁም፤ ለማውጣት «ዜግነቴን ቀይሬአለሁ» ማለት ነበረብኝ። ቦሌ ላይ በውጭ ዜጎች ሰልፍ መቆም ለኔ ሞት መስሎ ታየኝ። ይህን ፍቅረ ሀገር እለው ነበር። ፍቅርም ነበረበት፤ አልክድም። ግን ፍቅር ብቻ ቢሆን ኖሮ እውነቱን ተናግሬ በካርዱ እገባ ነበር። የፈለግኩት ሁለቱንም አገር መያዝና ለአንዱም አለመናገር ነበር።

ስለ ክሊራንስም የማውቅ የመሰለኝ ነገር ነበረ። በኦገስት 2000 የመከላከያ ረዳት ሚኒስትር አርተር መኒ ባወጡት መመሪያ፣ የሌላ አገር ፓስፖርት ያለው ሰው ፓስፖርቱን ካላስረከበ ወይም ከአሜሪካ መንግሥት በኩል ፈቃድ ካላገኘ ክሊራንስ አይሰጠውም ነበር። በ2006 ሥራ ላይ የዋለው መመዘኛም ጊዜው ያላለፈ የውጭ ፓስፖርት መያዝን በጥርጣሬ ያየው ነበር፤ ሆኖም ፓስፖርቱ ከተወገደ ወይም ለደኅንነት ኃላፊው ከተሰጠ ነገሩ ይቃለል ነበር። በዚያ ዘመን አንድ ወዳጄ ፓስፖርቱን ለመሥሪያ ቤቱ የደኅንነት ኃላፊ አስረክቦ ሥራውን ጀመረ። እኔ ከታሪኩ የያዝኩት «ፓስፖርት ጣጣ ያመጣል» የሚለውን ብቻ ነው። ተናግሮ፣ አስረክቦ፣ አልፎ መሄዱን በጆሮዬ ሰምቻለሁ፤ ግን አልያዝኩትም።

ከጁን 8 ቀን 2017 ጀምሮ ደግሞ መመዘኛው ተቀይሮ ነበር። ከ«ኤ» እስከ «ኤም» ድረስ 13 መመዘኛዎች አሉ፤ ሦስተኛው፣ ሌላ አገርን ስለማስበለጥ የሚናገረው፣ ጥምር ዜግነት በራሱ ሰውን እንደማይጥል በግልጽ አስቀምጧል። የሚጥለው እውነተኛ የጥቅም ግጭት ሲኖር ወይም ሰውየው ለመደበቅ ሲሞክር ነው። የውጭ ፓስፖርት መያዝም እንዲሁ፤ የሚያስጠይቀው ሳይናገሩ መያዙ ነው። እኛ ፎርሙን የሞላነው ይህ ከሆነ ከዓመት ገደማ በኋላ ነው። ሰነዱ ማንም ሊያነበው በሚችልበት ቦታ ተቀምጧል። የሰው ታክስ ስሠራ አንዲት መስመር ሳላጣራ የማልፈርም ሰው፣ የእህቴን ልጅ ዕጣ ሳላነብ ወሰንኩት።

እዚህ ላይ «ባለማወቄ ነው» ብዬ ማቆም እችል ነበር፤ ለተወሰነ ጊዜም አቁሜበት ነበር። ግን አንድ ጥያቄ አላስቀመጠኝም፤ መመዘኛውን አንብቤው ቢሆን ኖሮስ «ጻፊው» እላት ነበር? አልላትም ነበር። ፓስፖርቱን ብትጽፍ መቼ፣ ለየትኛው ጉዞ እንደተጠቀመችበት ትጠየቃለች። ጉዞው ከተጠየቀ ቤቱ ይመጣል። ቤቱ ከመጣ ደግሞ «ኢትዮጵያዊት» ብዬ ያስፈረምኳት እኔ እመጣለሁ። የአሜሪካ መንግሥት ቢሾፍቱ ላይ ለተፈረመ ውል እኔን እንደማይከስስ ሳላውቅ አልቀረሁም፤ ግን ነገሩ ተጽፎ ፋይል ውስጥ ከገባ ዞሮ ዞሮ አንድ ቀን ቤቱን የሚያሳጣኝ መሰለኝ። እሷን ዝም ያሰኘኋት ለቤቴ ነው። በቃ፣ ይኸው ነው። «ለሷ ብዬ ነው» የሚለው ከዚህ በላይ የተደረበ ልብስ ነበር።

ሌላም ምክንያት ስደረድር ከርሜአለሁ። እኔ በደርግ ዘመን ያደግኩ ሰው ነኝ። «ወንድምህ የት ገባ?» ተብሎ ሲጠየቅ «አላውቅም» ማለት ነፍስ ያተረፈበትን ጊዜ አይቻለሁ። ለመንግሥት የተነገረ ነገር ሁሉ ዞሮ የሚመጣ ይመስለናል፤ ከዚያ ዘመን የወጣን ሰዎች ይህ ፍርሃት አብሮን ኖሯል፣ እውነትም ነው። ሆኖም በዚህም መደበቅ አልችልም። እኔ እኮ የዚሁ አገር የታክስ መሥሪያ ቤት የሚጠይቀውን በየዓመቱ ለብዙ ሰው ሳልፈራ፣ ሳልቀንስ እመልሳለሁ። «ያለህን ሁሉ ተናገር፣ ኋላ ከሚመጣው ይሻላል» እያልኩ ሰው ስመክር ኖሬአለሁ። የደርግ ፍርሃት የተነሣብኝ የራሴ ቤት ሲነካ ብቻ ነው። እሷ ደግሞ ደርግን አታውቅም። በማታውቀው ፍርሃት ስም ነው ያስዋሸኋት።

ያን ጊዜ ያልታየ ፋይል ተጠራቅሞ ነበር፤ በ2018 ውስጥ ምርመራ የሚጠብቀው ጉዳይ ከ700 ሺህ በላይ ደርሷል። ስለዚህ ብዙ ቆየ። በመጨረሻ አንዲት መርማሪ ቀጥራት ተገናኙ። የእህቴ ልጅ እንደነገረችኝ መርማሪዋ ትሑትና ጨዋ ሴት ነበረች። በፎርሙ ላይ የ2016ቱ ጉዞ ተጽፏል፤ እሱን አልደበቅንም። የአሜሪካ ፓስፖርቷን ጠየቀቻት፣ ገጽ በገጽ አገላበጠችው፤ ከዚያም የኢትዮጵያ ቪዛ የቱ ጋ እንዳለ ጠየቀቻት። የለም። የመግቢያ ማኅተምም የለም። «ታዲያ እንዴት ገባሽ?»

ልጅቱ እዚያው እውነቱን ተናገረች። ሌላ ፓስፖርት እንዳላት፣ በሱ እንደገባች፣ በሱም ውል እንደፈረመች፣ የቤቱንም ግማሽ ሳይቀር ተናገረች። «ፎርሙ ላይ ለምን አልጻፍሽውም?» ስትባል ግን «ረሳሁት» አለች። ይህንኛውን እኔ አላዘዝኳትም። እኔ ሳልነግራት፣ እኔን ላለመጥራት ብላ ራሷ ያደረገችው ነው። ለኔ ግን ከመጀመሪያው ይልቅ የሚከብደው ይኸኛው ነው። የመጀመሪያውን ውሸት አስተማርኳት፤ ሁለተኛውን ለኔ ስትል ከራሷ አወጣችው።

በ2020 መጀመሪያ ላይ የምክንያት ዝርዝር የያዘው ደብዳቤ መጣ። ክሊራንስ ለመከልከል የታሰበበትን ምክንያት አንድ በአንድ ቆጥሮ፣ ተቀባዩ በ20 ቀን ውስጥ እያንዳንዱን «አምናለሁ» ወይም «እክዳለሁ» እያለ በመሐላ እንዲመልስ፣ ከፈለገም ዳኛ ፊት ቀርቦ እንዲሰማ የሚጠይቅ ደብዳቤ ነው። እናቷ ቤት፣ ኩሽና ውስጥ፣ እሷና እኔ ብቻችንን ሆነን አነበብነው። አያቷና አክስቶቿ ኢትዮጵያ መኖራቸው ተጽፏል፤ ቢሾፍቱ ያለው ቤት ግማሽ ተጽፏል፤ ያልተናገረችው ፓስፖርት ተጽፏል። እነዚህ ሁሉ መልስ ነበራቸው። አያት ያለው ሰው ሁሉ አይከለከልም፤ ሕይወቷ፣ ሥራዋ፣ እናቷ እዚህ ናቸው፤ ቤቱም ካላት ነገር ጋር ሲተያይ ትንሽ ነው። መመዘኛዎቹ ራሳቸው ይህን ያገናዝባሉ። መልስ ያልነበረው የመጨረሻው ክፍል ነው፤ ስለ ግል ጠባይ የሚናገረው። ሆን ብላ ሐሰት መጻፏን ይናገራል። ፓስፖርቱ ሳይሆን መደበቁ፣ ቤቱ ሳይሆን መደበቁ።

መልሱን መጻፍ ጀመርን። እኔም፣ ይህን ሳልቀንስ ልናገር፣ «ረስቼው ነው ያልሽውን አጽኚ፤ ከአፍሽ ወጥቷል፣ አትለዋውጪው» አልኳት። በመሐላ በሚሰጥ ቃል ላይ ሦስተኛ ውሸት ላስጽፋት ነበር። እጇን ከኮምፒውተሩ አነሣች። ቁጣ አልነበረባትም።

«ጋሼ» አለችኝ፤ «ለማን ነው የምደብቀው?»

አልመለስኩላትም። ለመምሰል ያህል ደብዳቤውን ስቤ እንደገና ማንበብ ጀመርኩ፤ ስለ ውጭ ተጽዕኖ የሚናገረው ክፍል ላይ ዓይኔ አረፈ። የሚፈራው ነገር እንዲህ ነው፤ ምስጢር የተሰጠው ሰው የሚወደውን ሰው ለመርዳት ወይም ንብረቱን ላለማጣት ሲል በአደራው ላይ እንዳይወላውል። ሁልጊዜ ይህ ስጋት ሲነሣ በዓይነ ሕሊናዬ የሚመጣው ሀገር ቤት የተቀመጠ አንድ የማላውቀው ሰው ነበር፤ አያቷን አስፈራርቶ እሷን የሚይዝ ሰው። በዚያች ሰዓት ግን ከፊቴ የነበረው ሌላ ነው። ይህች ልጅ ለአንድ ዘመዷ ስትል፣ ለሱ ቤት ስትል፣ ሁለት ጊዜ እውነቱን ደብቃለች። ዘመዷ ሀገር ቤት አይደለም ያለው፤ አጠገቧ ተቀምጦ ሦስተኛውን እያስጻፋት ነው። እኔ የአሜሪካ ዜጋ ነኝ፤ በሕግ ቋንቋ «የውጭ ሰው» አልባልም፤ በዚያ ክፍል ውስጥም ስሜ የለም። ግን የፈሩት ነገር በትክክል የሆነው በኔ ነው። አያቷ አንድም ቀን እንድትዋሽ አልጠየቀቻትም።

ለዓመታት ያ ጥያቄ የሚያስቀይመኝ ነበር፤ ሀገራችንን በመውደዳችን የሚጠረጥሩን ይመስለኝ ነበር። ጥያቄው በየዘመኑ ሁሌም በፍትሕ ሲጠየቅ ኖሯል አልልም። ግን ሀገር ቤትም ያው ጥያቄ አለ፤ የኛው አዋጅ 270/1994 ለትውልደ ኢትዮጵያዊ ብዙ መብት ሰጥቶ ሲያበቃ የመከላከያን፣ የጸጥታንና የውጭ ጉዳይን መደበኛ ሥራ አልፈቀደም። አገር ሁሉ አደራውን የሚሰጠውን ሰው «ማን ይዞሃል?» ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄው ስለ ፍቅር አልነበረም። ማንም ሊይዝበት የማይችል ሰው ማለት ዘመድ የሌለው ሰው አይደለም፤ የደበቀው ነገር የሌለው ሰው ነው። ፓስፖርቱን ጽፋው ቢሆን ማንም በሱ ሊያስፈራራት አይችልም ነበር። እኔ ግን በአንዲት «ተይው» ሌላ ሰው ሊይዝባት የሚችል ነገር ሰጠኋት።

መልሷን ራሷ ጻፈች። ሁሉንም አመነች፤ አለመርሳቷንም ጻፈች። የኔን ስም አላነሣችም። መመዘኛው ውስጥ አንድ ማቅለያ አለ፤ ሰው የደበቀው በጠበቃ ወይም በዚህ ጉዳይ የማማከር ሙያዊ ኃላፊነት ባለበት ሰው ምክር ከሆነ ይታሰብለታል። ይህን ሳነብ አፈርኩ። «እሱ ያውቃል» ስባል የቆየሁት፣ ለሷ የሚጠቅማት ቦታ ላይ ስንደርስ ምንም አልነበርኩም። ቢሆንም ምክሩ የኔ መሆኑን መስክሬ ብጽፍላት ዳኛው ቢያንስ ሙሉውን ታሪክ ያውቀው ነበር። «እጽፍልሻለሁ» አልኳት፤ ፈልጌም ነበር። ግን ቁጭ ብዬ ስጀምር «መጀመሪያ የቤቱን ነገር ላስተካክል» አልኩ፤ ከዚያም «ጠበቃ ልጠይቅ» አልኩ። እውነቱን ከተረዳሁ በኋላም ቢሆን ለራሴ ማሰቤን አላቆምኩም፤ መረዳት ወዲያው የሚለውጥ ነገር አይደለም፣ በኔ ላይ አልለወጠም። ደብዳቤውን ጨርሼ ስሰጣት መልሷ ከተላከ ቆይቶ ነበር። ኩባንያው ከዚያ በላይ መጠበቅ አልቻለም፤ አሰናበታት። አሠሪ ሲጠፋ ጉዳዩም ይቋረጣል፤ ተፈቀደም ተከለከለም ሳይባል ቀረ።

ከዚያ በኋላ ያደረግኩትን መቁጠር እችላለሁ፤ ቢዘረዘር ግን ካሳ የከፈልኩ ሊያስመስለኝ ስለሚችል ባጭሩ ልለፈው። ሁለቱንም ፓስፖርት ለኤምባሲው መለስን። ቢጫ ካርድ አወጣሁ፤ ስሟም ከቤቱ ወጣ። ቦሌ ላይ በውጭ ዜጎች ሰልፍ ቆሜ ገባሁ፤ ሞት መስሎ የታየኝ ነገር ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነበር የወሰደው። ይህን ለማትረፍ ነበር ያን ሁሉ ያደረግኩት።

እሷ አሁን ክሊራንስ በማያስፈልገው ቦታ ጥሩ ሥራ ይዛለች። አንድ ቀን እንደገና ልታመለክት እንደምትፈልግ ነግራኛለች። ያኔ ሁሉንም ትጽፋለች፤ በ2018 የጻፈችውንም ውሸት ጭምር። እኔም ምን እንዳልኳት፣ ለምን እንዳልኳት፣ የቤቱን ነገር ሳልቀንስ ጽፌ ፈርሜ ሰጥቻታለሁ። ሊረዳት ይችላል፤ ላይረዳትም ይችላል። የጠፋውን ጊዜ ግን አይመልስም፤ መጀመሪያ ፎርሙን ስትከፍት የነበራትንም ቅንነት አይመልስም። ያኔ እውነት መጻፍ ለሷ ሊታሰብበት የሚገባ ጉዳይ እንኳ አልነበረም። አሁን እያንዳንዱን መስመር ደግማ ደጋግማ ታያለች። ያን ያስለመድኳት እኔ ነኝ።

ዛሬም ሰው ፎርም ይዞ ይመጣል። እንዲህ ያለ ጉዳይ ከሆነ ወደ ጠበቃ እልካለሁ። የምችለውን ሲጠይቀኝ ደግሞ ከመመለሴ በፊት ራሴን የምጠይቀው አንድ ነገር አለ፤ ይህ ሰው እውነቱን ቢጽፍ እኔ የማጣው ነገር አለ ወይ? ካለ አልመክርም፤ የማልመክርበትንም ምክንያት እነግረዋለሁ። ይህን ያወቅኩት በሷ ዋጋ ነው፤ ለሷ ግን አልደረሰላትም።